ፖስታዬ የሚኖርበት ቤት

ኮሌጅ ገባሁ ብዬ ለዘመድ ሁሉ ባበሰርኩበት ዓመት የኮሌጅ ደጃፍ አንድም ቀን ረግጬ አላውቅም ነበር። የእኔ ኮሌጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው አፓርትመንታችን ውስጥ፣ እናቴ ልብስ በምትተኩስበት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው ሌላ ግዛት ውስጥ፣ በአውሮፕላን እንጂ በመኪና በማይታሰብ ርቀት ነው። ክፍል ሲጀመር ሌሎቹ ተማሪዎች ካሜራቸውን ስለሚያጠፉ ስክሪኑ ላይ ስማቸው ብቻ ይደረደራል። እኔ ብቻ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ለቤተ ክርስቲያን የማደርገውን ሸሚዝ ለብሼ፣ ካሜራዬን ከፍቼ እጠብቃለሁ። እናቴ በኋላዬ ስታልፍ ጎንበስ ትላለች። "በፒጃማ ነኝ፤ አስተማሪሽ እንዳታየኝ" ትለኛለች በሹክሹክታ።

ብሌን እባላለሁ። የምማረው ነርሲንግ ነበር። ንባቡን በኦንላይን እንጨርስና የተግባር ልምምዱን በየሠፈራችን ባለ የሕክምና ተቋም እንሠራለን የሚል ፕሮግራም ነው። በዚያን ጊዜ እኔ ለተላከልኝ ኢሜይል ሁሉ ከምስጋና ጋር የምመልስ፣ ሰው ቅር እንዳይለው የምጨነቅ ልጅ ነበርኩ። የሆነው ነገር እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ ስለ አባቴ ልንገራችሁ።

አባቴ አቶ ታደሰ አገር ቤት ትተውን ወደ አሜሪካ የሄዱት ገና ፊደል ሳልቆጥር ነው። ስለዚህ ያደግኩት በድምፃቸው ነው። ደብረ ብርሃን እያለን እሑድ እሑድ ይደውላሉ፤ ሒሳብ ከከበደኝ በስልክ ያስረዱኛል። ክፍልፋይን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። "ወረቀት አምጪ። ለሁለት እጠፊው። አሁን ደግሞ ለሁለት እጠፊው። ስንት ሆነ?" ይሉኛል። ወረቀቱን አያዩትም፤ ግን አጥፌ እስክጨርስ ዝም ብለው ይጠብቁኛል። እናቴና አባቴ ሳይጣሉ ነው የተለያዩት። ዓመታቱ በዙና አንድ ቀን ሁለቱም የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን አወቁት። እናቴ ዲቪ ደርሷት እኔን ይዛ ስትመጣ አባቴ አየር ማረፊያ ድረስ መጥተው ተቀበሉን፤ ሻንጣችንን ሲልቨር ስፕሪንግ አድርሰው "እኔ ከወንዙ ማዶ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነኝ፤ ቅርብ ነው" ብለው ሄዱ።

እዚህ ያለን ሰዎች አንድ ልማድ አለን። ክፍል ተከራይቶ ዛሬ ታኮማ ፓርክ፣ ከርሞ ጌይተርስበርግ የሚኖር ሰው ፖስታውን ይዞ አይዞርም። ረግቶ የተቀመጠ አንድ የሚያምነው ሰው ይፈልግና አድራሻውን እዚያ ያደርጋል። ኮሌጅ አፕላይ ሳደርግም አባቴ ያሉኝ ይህንኑ ነው።

"የእኔን አድራሻ ስጪ። እናትሽ ቤት ትቀይር ይሆናል፤ እኔ የትም አልሄድም።"

"እሺ አባዬ" አልኩ። ማንም ብዙ አላሰበበትም። እኔ ግን ደስ ያለኝ በሌላ ምክንያት ነበር። ፖስታ በመጣ ቁጥር አባቴ ይደውላሉ፤ እኔም በባቡር ኪንግ ስትሪት ጣቢያ እወርዳለሁ፤ እሳቸው መኪናቸው ውስጥ ሆነው ይጠብቁኛል። ፖስታዬን ይሰጡኛል፣ አንድ ነገር እንበላለን፣ ስለ ትምህርቴ ይጠይቁኛል፣ ከዚያ ጣቢያው ይመልሱኛል። ቤታቸውን አይቼው አላውቅም። "ዛሬ ዝርክርክ ብሏል፤ ሌላ ቀን" ይሉኛል። እኔም ያን ሌላ ቀን ስጠብቅ ፖስታ እንዲበዛልኝ እመኝ ነበር። የማልገዛውን የነርስ ልብስ ካታሎግ ሳይቀር በዚያ አድራሻ እንዲልኩልኝ ተመዝግቤያለሁ።

የተግባር ልምምዱ ወቅት ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ቦታ እንድንጠቁም ጠየቀን። እኔ ቀድሜ፣ ከቤታችን በአውቶቡስ ትንሽ ርቀት ላይ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ራሴ ሄጄ አነጋግሬ፣ ረጅም ኢሜይል ጻፍኩ። ያስደስታቸዋል ብዬ ነበር። መልሱ የመጣው ከአማካሪዬ ከዶና ነው፤ በቪዲዮ ላናግርሽ አለችኝ። የተነጋገርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ልጻፈው።

"ብሌን፣ መጀመሪያ፣ አንቺ ላይ ምንም ችግር የለም" አለችኝ። ሰው እንዲህ ብሎ ሲጀምር እደነግጣለሁ። "የመረጥሽው ቦታ ሜሪላንድ ነው። እኛ ጋ ያለሽው ግን የቨርጂኒያ ተማሪ ሆነሽ ነው።"

"ቅርብ እኮ ናቸው" አልኩ። "በመሐላቸው ያለው ወንዝ ብቻ ነው።"

"ለሕጉ ወንዙ ሰፊ ነው። አሁን የት ተቀምጠሽ ነው የምታናግሪኝ?"

"ቤት።"

"የትኛው ቤት?"

"ሲልቨር ስፕሪንግ።"

"ትናንት የት አደርሽ?"

"እዚሁ።"

"አሌክሳንድሪያስ?"

"እዚያ የሚኖረው ፖስታዬ ነው።"

አልሳቀችም። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ከሩቅ ሆኖ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተማሪው የሚኖርበትን ግዛት ደንብ ማክበር አለበት። የእነሱ ፕሮግራም ቨርጂኒያ ውስጥ የነርስ ፈቃድ ለማውጣት ያበቃል፤ የሜሪላንድን መስፈርት ግን አያሟላም። ስመዘገብ ሜሪላንድ ብል ኖሮ ገና ከመጀመሪያው አይቀበሉኝም ነበር።

"ክልከላው የተደረገው ለአንቺ ነው" አለችኝ። "ተምረሽ ጨርሰሽ፣ በምትኖሪበት ግዛት በማይሠራ ዲፕሎማ ባዶ እጅሽን እንዳትቀሪ። እስከ ሰኞ የምትኖሪበትን ግዛት በጽሑፍ አሳውቂኝ። ቨርጂኒያ ከሆነ ትቀጥያለሽ። ሜሪላንድ ከሆነ ከፕሮግራሙ ትወጫለሽ፤ የተማርሽበትን ማስረጃ እንሰጥሻለን፤ ክፍያ የሚመለስበትን መንገድና ቅሬታ የሚቀበለውን መሥሪያ ቤትም እልክልሻለሁ። ግን እውነቱን ብቻ ጻፊልኝ።"

ስክሪኑ ሲዘጋ ፊቴን በጥቁሩ መስታወት ላይ አየሁት። ማልቀስ ነበረብኝ። እኔ ግን ያሰብኩት ሌላ ነው። እውነት ቢሆንስ? ሄጄ ከአባቴ ጋር ብኖርስ? እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለመጠየቅ ድፍረት ያላገኘሁለትን ነገር ሕጉ ራሱ ምክንያት አድርጎ እጄ ላይ አኖረልኝ። ጠዋት ስነሣ የበራቸውን ድምፅ መስማት፣ ሳነብ ሻይ ይዘው ሲያልፉ ማየት። እንዲህ ያለ ትንሽ ትንሽ ነገር ነበር የምመኘው።

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዬን ሳዘጋጅ እናቴ በሩን ተደግፋ አየችኝ።

"ጠየቅሽው?" አለችኝ።

"ስደርስ እጠይቃቸዋለሁ። በስልክ እምቢ ማለት ይቀላል።"

"አንቺ ልጅ፣ ያንን ቤት አይተሽው ታውቂያለሽ?"

"አድራሻውን በቃሌ አውቀዋለሁ።"

እናቴ ከቁም ሣጥኑ የታጠፈ አንሶላ አውጥታ ሻንጣው ውስጥ ከተተችልኝ። "ወንደላጤ ቤት ትርፍ አንሶላ አይገኝም" አለች። ፊቷን ግን አዞረችብኝ።

ቢጫው ባቡር ከመሬት ውስጥ ወጥቶ ወንዙን ሲሻገር ሁልጊዜ ስልኬን አስቀምጣለሁ። ያን ቀን ግን ሻንጣዬን በጉልበቶቼ መሐል ይዤ፣ ውሃውን እያየሁ፣ የምናገረውን በልቤ ስደጋግም ነበር። "አባዬ፣ አላስቸግርዎትም። ምግብ እሠራለሁ። ሳሎን ላይ እተኛለሁ።" ኪንግ ስትሪት ወርጄ በአውቶቡስ ዱክ ስትሪትን ይዤ ሄድኩ። ቤቱ ተጎራብተው ከተሠሩት ባለ ቀይ ሸክላ ቤቶች አንዱ ነው። ደጁ ላይ የልጆች ብስክሌት ወድቋል። አባቴ ብስክሌት ለምን ይኖራቸዋል? ቁጥሩን ደግሜ አየሁት፤ ትክክል ነው። ደወልኩ።

በሩን የከፈቱት ሻሽ ያሰሩ፣ እጃቸው በሊጥ የተነከረ ሴት ናቸው።

"አቶ ታደሰ ቤት ነበር…" አልኩ።

አተኩረው አዩኝና ፊታቸው በራ። "የታዴ ልጅ! ብሌን አይደለሽ? እኔ ዘነበች ነኝ። የምትልኪው ፎቶ ሁሉ ስልኩ ላይ አለ እኮ። ግቢ፣ ግቢ፤ እጄን አትንኪ። ደግሞ ያንን የነርስ ካታሎግ ያዘዝሽው አንቺ ነሽ አይደል? ወገቤን ነው የቆረጠኝ እሱን ሳነሣ!"

ገባሁ። ሳሎኑ በር ጀርባ ላይ የጨርቅ የጫማ ማስቀመጫ ተሰቅሏል፤ ያ ብዙ ኪስ ያለው ዓይነት። በየኪሱ ጫማ ሳይሆን ፖስታ ታጭቋል፤ በእያንዳንዱም ላይ በማርከር ስም ተጽፏል።

ዓይኔን ተከትለው ሳቁ። "ይሄ ቤት ፖስታ ቤት ነው የኔ ልጅ። ባለቤቴ ግርማ ማንንም እምቢ አይልም። ለጁሪ ዲዩቲ፣ ፍርድ ቤት ዳኝነት ለመቀመጥ እንኳ ከዚህ ቤት ስንቱ ይጠራል መሰለሽ! ጎረቤቶቻችን እዚህ ስንት ሰው ነው የሚያድረው እያሉ ያሙናል።"

እኔ ግን ስሞቹን እያነበብኩ ነበር። ከታች ብሌን የሚል ኪስ አለ። ከእሱ በላይ ደግሞ ታደሰ የሚል።

የቤቱ ባለቤት ፖስታ በኪስ ውስጥ ምን ይሠራል?

"ወይዘሮ ዘነበች" አልኩ፣ "አባቴ የሚተኙት የትኛው ክፍል ነው?"

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ከፊታቸው ላይ ወረደ። ሻንጣዬን አዩ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ሊጡ አልለቀቀም። "አልነገረሽም?" አሉኝ። "መጀመሪያ ከአገር ቤት ሲመጣ ከእኛ ጋር ነበር። ልጆቹ ሲወለዱ ክፍሉ ጠበበ፤ እሱም ራሱ ወጣ። ፖስታው ግን ቀረ። ማክሰኞ ማክሰኞ መጥቶ ይወስዳል።"

"የት ነው የሚኖሩት?"

"እሱ ይንገርሽ እንጂ እኔ አልነግርሽም። ሆድ አይባስሽ፤ ተቀመጪ።" ስልካቸውን በክርናቸው ወደ እኔ ገፉት። "ደውይና ስፒከር ላይ አድርጊልኝ።" አባቴ ሲያነሡ "ታዴ፣ ልጅህ እኔ ቤት ናት። በሻንጣ። ቶሎ ና" አሏቸው።

አባቴ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሆቴል አጠገብ ባለ ፓርኪንግ ጋራዥ ነው የሚሠሩት፤ ይህ እንኳ እውነት ነበር። ያን ቅዳሜ ለሌላ ሰው ተክተው ገብተው ኖሮ የሥራ ጃኬታቸውን እንደለበሱ መጡ። በሩ ላይ ቆመው መጀመሪያ ሻንጣውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ዶና ያለችኝን ሁሉ ነገርኳቸው። የተለማመድኩትን ንግግር ግን አልተናገርኩም፤ ሳሎን ላይ እተኛለሁ የምልበት ሳሎን አልነበረም።

ወይዘሮ ዘነበች መሐል ገቡ። "ምን ያስጨንቃችኋል? ታች ያለው ቤዝመንት አሁን ባዶ ነው። ዛሬውኑ እዚህ ትደር። ሰኞ 'ቨርጂኒያ ነኝ' ብላ ትጻፍ፤ ምን ውሸት አለው? ለምርመራ የሚመጣ ሰው ቢኖር እንኳ ስሟ በር ላይ ተሰቅሎላታል!"

መልካም ሰው ናቸው፤ ከልባቸው ነው ያሉት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ወደዚያ ሄዶ ነበር። ትምህርቴ ይቀጥላል፤ አባቴም ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ። አባቴን አየኋቸው።

"በመኪና ላድርስሽና መንገድ ላይ እናስብበት" አሉኝ።

ድልድዩን ተሻገርን። የሜሪላንድን ምልክት ካለፍን በኋላ ነው መናገር የጀመሩት።

"አገር ቤት እያላችሁ 'አሌክሳንድሪያ ቤት አለኝ' ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ከእነ ግርማ ጋር ስለነበርኩ ውሸት አልመሰለኝም። በኋላ ስወጣ 'ወጣሁ' ማለት ከበደኝ። እናንተ ስትመጡ ደግሞ ይባስ ከበደኝ።"

"የት ነው ታዲያ የሚኖሩት አባዬ?"

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚወስደውን መውጫ አልፈው ነዱ፤ በቀጣዩ ወጡ። ላንግሊ ፓርክ በሚባል ሠፈር አንድ የቆየ የአፓርትመንት ሕንፃ ፊት ለፊት አቆሙ። የልብስ ማጠቢያው ሽታ እስከ መኪና ማቆሚያው ይመጣል። ልጆች በሁለት መኪና መሐል ኳስ ይጫወታሉ።

"ያቺ ከዳር ያለችው መስኮት። ከሁለት ሰዎች ጋር ነው የምኖረው። ጥሩ ሰዎች ናቸው።"

እኔ መስኮቷን አላየሁም። ያየሁት መንገድ ዳር ያለውን የአውቶቡስ ማቆሚያ ነው። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ከእኛ ቤት ፊት ለፊት የሚያልፈው አውቶቡስ ነው። እናቴ ወደ ገበያ የምትሄድበት አውቶቡስ። ያን ሁሉ ቅዳሜ እኔ ባቡር ቀይሬ ወንዝ ስሻገር፣ አባቴ ከዚህ ከአጠገቤ ተነሥተው፣ ሥራ በሌለባቸው ቀን፣ ወንዙን በመኪና ተሻግረው ኪንግ ስትሪት ላይ ሲጠብቁኝ ነበር። ሁለታችንም ለመገናኘት ከቤታችን ርቀን እንሄድ ነበር።

"በአውቶቡስ መምጣት ይቻል ነበር እኮ" አልኩ። "በየቀኑ መምጣት ይቻል ነበር።"

መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

"ዘነበች ያለችሽን ልትቀበይ ነው?"

"እርስዎ ምን ይላሉ?"

"እኔ አባት ሆኜ ምን መብት አለኝ…" ድምፃቸው ተሰበረ፤ ያቺ ክፍልፋይ ያስተማረችኝ ድምፅ። "በሌለሁበት ቤት ስኖር ነው ያረጀሁት ብሌን። ሰው ይጠራሃል፣ አንተ ግን እዚያ የለህም። አንቺ ይህን አትጀምሪው።"

ሰኞ ለዶና ጻፍኩላት። ብዙ ምስጋና አልጨመርኩበትም። "የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከእናቴ ጋር ነው" አልኩ። እሷም ቃሏን ጠበቀች፤ ማስረጃዬን ላከችልኝ፣ የክፍያውንም ጉዳይ ጨረሰችልኝ። ስክሪኑን ለመጨረሻ ጊዜ ስዘጋ ያን ጊዜ አለቀስኩ። እናቴ በኋላዬ መጣች፤ በዚያ ቀን ግን ጎንበስ አላለችም።

አንባቢዎቼ፣ ከስክሪን ፊት ተቀምጣችሁ የምትማሩ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ይህ ትምህርት እኔ በማድርበት ግዛት ፈቃድ ያስገኛል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቤት ስትቀይሩም ለትምህርት ቤታችሁ ንገሩ። የሚጠብቀን ደንብ አለ፤ ግን ደንቡ የሚያገኘን ያለንበትን ስንናገር ብቻ ነው። እኔ በጎረቤት ግዛት ስፈለግ እዚህ ነበርኩ። ይህን ከማንም በፊት መረዳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ በሌለበት አድራሻ የምፈልገው ሰው ነበረኝና።

አሁን እዚሁ ካውንቲያችን ኮሌጅ ውስጥ አንደኛ ዓመት ነኝ። ከተማርኩት የተወሰነውን ተቀብለውልኛል፤ የቀረውን እንደገና እየተማርኩ ነው። የክፍሉ በር ሲከፈት ይጮኻል። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ሁልጊዜ እስክሪብቶ ትረሳለች፤ ስትጠይቀኝ ደስ ስለሚለኝ ሁለት ይዤ እሄዳለሁ።

አባቴ ፖስታቸውን ከእነ ወይዘሮ ዘነበች ቤት አዛወሩ። የላንግሊ ፓርኩ የፖስታ ሣጥን ላይ ስማቸውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ታች በሩ ጋ ቆሜ። ወደ ላይ ግን አልጋበዙኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የምንገናኘው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነው፤ አንዳንዴ እኔ እሄዳለሁ፣ አንዳንዴ እሳቸው ይመጣሉ። አውቶቡሱ በሕንፃው ፊት ባለፈ ቁጥር ከዳር ያለችውን መስኮት አያታለሁ። መብራት ካለ ያለ ምክንያት ደስ ይለኛል። ከሌለ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይከፋኛል።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያ ፈተናዬ ውጤት ወጣ። ስልክ መደወል እችል ነበር። በወረቀት አወጣሁትና ለሁለት አጠፍኩት፤ እንደገና ለሁለት አጠፍኩት፤ በፖስታ ከትቼ፣ ቴምብር ለጥፌ፣ በአውቶቡስ ወደሚደረስበት ቤት በፖስታ ቤት በኩል ላክሁላቸው።

ትናንት ደወሉልኝ።

"ደረሰኝ" አሉኝ። "በስሜ።"

"ገለጡት?"

"ገለጥኩት። አራት እኩል ቦታ አጥፈሽዋል።"

ከዚያ ዝም አሉ። እኔም እንደ ልጅነቴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ጠበቅኳቸው።

"ሦስተኛ ፎቅ ነው" አሉኝ በመጨረሻ። "ሊፍት የለውም። ደረጃው ያደክምሻል ብዬ ነው እንጂ እኔማ…"

"አይደክመኝም፣ አባዬ" አልኳቸው። ጫማዬን እያደረግኩ ነበር።